ስማይሊ በልጅየው እጅ፦ «ካርላስ ቾይስ»

እንግሊዛዊው የስለላ ልብ ወለድ ደራሲ ጆን ለ ካሬ በ2020 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ የፈጠረውን ሰላይ ጆርጅ ስማይሊን ልጁ ኒክ ሃርካዌይ ተረከበው፤ «ካርላስ ቾይስ» የተሰኘው ልብ ወለዱ በ2024 ወጣ። ዘመኑ 1963 ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ሃንጋሪያዊ ስደተኛ የመጻሕፍት ወኪል ይሰወራል፤ ሊገድለው የተላከው ሰው ደግሞ ሐሳቡን ቀይሮ እጁን ይሰጣል። ሥራውን የተወው ስማይሊም ይጠራል።

አነሳሱ ግሩም ነው። ንግግሩ ቁርጥ አባትየውን ነው፤ ማንም የልቡን በቀጥታ አይናገርም፣ ጎጃም ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ወርቁን ሲፈልግ አይሰለቸውም። ችግሩ የስም ብዛት ነው፤ ማን የማን አለቃ እንደሆነ ካልያዙ መሃል ላይ ይጠፋብዎታል። በ1963 የታተመውን የአባትየውን «ዘ ስፓይ ሁ ኬም ኢን ፍሮም ዘ ኮልድ» አስቀድመው ይጨርሱ፤ ያለዚያ የስማይሊ ጸጸት ከየት እንደመጣ አይገባም። ሌላው የአባትየው የስማይሊ ልብ ወለድ «ቲንከር ቴይለር» ከዚህኛው በኋላ ይቆይ።

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ኮፒ ከአዟሪ ሲገዙ የገጽ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ይከተሉ፤ ሲጠረዝ ገጽ የተዘለለበት አይጠፋም።