የሚና ጨዋታ ሲስተም ስትመርጡ፦ ዳይሱ እምቢ ሲል የሚሆነውን እዩ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች ገጸ ባህሪ ይዘው፣ አንድ አጫዋች ታሪኩን እየመራ የሚጫወቱት) ሊጀምር ላሰበ ሰው ቀድሞ የሚነገረው ስም ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የዘርፉ አንጋፋ ነውና አይገርምም። ለእያንዳንዱ ቡድን ይስማማል ማለት ግን አይደለም። ሲስተምን (የጨዋታውን የህግ ስብስብ) ከሲስተም የሚለየው ትልቁ ነገር ተጫዋቹ ዳይስ ጥሎ ሳይሳካለት ሲቀር ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

የደንጅንስ አምስተኛ እትም አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥላችሁ የገጸ ባህሪያችሁን ጭማሪ ትደምራላችሁ፣ ድምሩ ከሚፈለገው ቁጥር ከደረሰ ተሳካ። ጭማሪው 5፣ የሚፈለገው 15 ከሆነ ዕድላችሁ 55 በመቶ ነው። አድቫንቴጅ (ሁኔታው ሲመቻችላችሁ የሚሰጥ ብልጫ) ካላችሁ ሁለት ዳይስ ጥላችሁ ትልቁን ትይዛላችሁ፤ ዕድሉ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። የእትሙ ምርጥ ሐሳብ ይህ ነው፤ በየተራው ጥቃቅን ጭማሪ ከመልቀም ያሳርፋል።

ድክመቱ ውጊያ ላይ ይታያል። ስድስት ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ተራው ደርሶ የሳተ ተጫዋች ሌሎቹ አምስቱና ጭራቆቹ እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንደኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ገጸ ባህሪያት በቀላሉ ይወድቃሉ፤ 8 የሕይወት ነጥብ ያለው ጠንቋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የእትሙ ህግ አንድ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) 20 ቢጥል፣ 20 ጉዳቱን ስለሚያከብደው፣ በአማካይ 9 ነጥብ ያሳጣዋል፣ በአንድ ምት ተዘረረ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ውጊያ የጎብሊኖቹ ቁጥር ከተጫዋቾቹ አይብለጥ። ለጀማሪ ጠንቋይ ሳይሆን ተዋጊ ስጡት፤ ጠንቋዩ ገና ሳይጀምር ስድስት አስማትና ሦስት ካንትሪፕ (ያለ ገደብ የሚደጋገም ቀላል አስማት) አንብቦ መምረጥ አለበት።

የአስፈሪ ምርመራ ጨዋታው ኮል ኦፍ ክቱሉ፣ ሰባተኛ እትም፣ ለማስረዳት ከሁሉም ይቀላል። ችሎታችሁ 60 ከሆነ በመቶኛ ዳይስ (ከ1 እስከ 100 በሚያወጡ ሁለት ባለ 10 ገጽ ዳይሶች) 60ና ከዚያ በታች መጣል ነው፤ ለከባድ ሥራ ግማሹ 30፣ እጅግ ለከበደው አምስተኛው 12 ያስፈልጋል። በመቶ የተጻፈ ዕድል ማብራሪያ አይፈልግም። አስፈሪነቱም ከህጉ ይመነጫል፦ በአንድ ጊዜ 5 ወይም ከዚያ በላይ የሳኒቲ (የአእምሮ ጤንነት) ነጥብ ያጣ ሰው የማስተዋል ዳይስ ይጥላል፣ ከተሳካለት ያየውን በትክክል ስለተረዳ ለጊዜው አእምሮውን ይስታል። ማሳካት የሚጎዳበት እንዲህ ያለ ህግ ማሰብ ትልቅ ጥበብ ነው።

ጨዋታው የሚበላሸው ታሪኩ በአንድ ፍንጭ ላይ ሲንጠለጠልና ሁሉም ሲስቱ ነው። የተደበቀ ነገር የማየት ችሎታ መነሻው 25 ስለሆነ ይህ ሩቅ አይደለም። ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ስጡ፤ ዳይሱን ለተጨማሪ ዝርዝር አቆዩት። ተጫዋቹ ዘዴውን ቀይሮ ደግሞ መሞከርም ይችላል፤ ድጋሚ ከሳተ የሚደርስበትን መዘዝ ግን ከመጣሉ በፊት ንገሩት።

ሦስተኛው ሲስተም ደንጅን ወርልድ፣ ከጉዳት ዳይስ በቀር፣ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ብቻ ያስጥላል፦ 10ና ከዚያ በላይ ሙሉ ስኬት፣ ከ7 እስከ 9 ዋጋ የሚያስከፍል ስኬት፣ 6ና በታች ሲሆን አጫዋቹ ነገር ያመጣል፣ ተጫዋቹም አንድ የልምድ ነጥብ ያገኛል። በ+1 ጭማሪ መካከለኛው ውጤት የሚወጣው በ44 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ባዶ ተራ የለም። ጭራቅ ለማጥቃት ዳይስ አይጥልም፣ የተራ ቅደም ተከተልም የለም። በአማርኛ ለሚጫወት ጠረጴዛ የሚመረጠው ይህ ነው፤ ተጫዋቹ የሚያደርገውን በራሱ አንደበት ይናገራል፣ ህጉን አጫዋቹ ያዛምዳል። ሸክሙም ያው አጫዋቹ ላይ ነው። በየጥቃቅኑ ካስጣለ መዘዙ ተከምሮ ታሪኩን ያንቀዋል፤ አደጋ በሌለበት አያስጥል፣ የአጫዋቹን እርምጃዎች (ተጫዋቹ ሲስት አጫዋቹ ሊያመጣ የሚችላቸውን ነገሮች) ዝርዝርም አትሞ ፊቱ ያኑር።

አጫዋቹም ተጫዋቾቹም አዲስ ከሆኑ ምርጫዬ ኮል ኦፍ ክቱሉ ነው፤ አሳታሚው በነፃ የሚሰጠው የመጀመሪያ መመሪያ ለአንድ ምሽት የሚበቃ ታሪክ አብሮት አለ። የደንጅንስ መሠረታዊ ህግና የደንጅን ወርልድ ጽሑፍም በነፃ ይገኛሉ። ሰባት ፍሬ ያለው የተለመደው የዳይስ ስብስብ ለሦስቱም ይሆናል፤ ለደንጅን ወርልድ አንድ ባለ 6 ገጽ ብቻ ጨምሩ። በመቶኛው ዳይስ 00 እና 0 አንድ ላይ ከወጡ 100 ነው እንጂ ዜሮ አይደለም።