ግሬች፣ ካዚኖ ወይስ 335? ሆሎው ቦዲ ጊታር ለመግዛት ላሰባችሁ

ጊታሩ ቤት ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። እስካሁን አንድም ቀን ሳጥኑ ውስጥ አላደረም። እሱ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ይተኛል፣ እኔ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ «እንግዳው መቼ ነው የሚሄደው?» ማለት ጀምራለች።

ሆሎው ቦዲ፣ ማለትም ሆዱ ባዶ የሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ግሬች 5420ቲ። ብርቱካናማ፣ ሆደ ሰፊ፣ ግራና ቀኝ የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ ያለው። ጭራው ላይ ቢግዝቢ የሚባለው የሚነቀነቅ እጀታ ተገጥሞለታል። ሲያዩት ከ1950ዎቹ ቀጥታ የመጣ ይመስላል። እሱን ከመምረጤ በፊት ግን ሁለት ወር ሙሉ ከሁለት ሌሎች ጋር ሳወዳድር ከርሜያለሁ፤ ከኤፒፎን ካዚኖ እና ከኤፒፎን 335። እኔ ስገዛ ሦስቱም አዲሳቸው ከ1,000 ዶላር በታች ነበር። ራሱ ላይ ጊብሰን (335ን መጀመሪያ የሠራው ኩባንያ) የሚል የተጻፈበትን ከፈለጋችሁ ዋጋው ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ካዚኖና 335 ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። አንድ ሻጭ ራሱ ሲያምታታቸው አይቻለሁ። ልዩነቱ ያለው ሆዳቸው ውስጥ ነው። ካዚኖ ስስ ይሁን እንጂ እንደ ከበሮ ባዶ ነው። 335 መሀሉን ከዳር እስከ ዳር ወፍራም እንጨት ይዞታል፤ ባዶ የሆኑት ግራና ቀኙ ብቻ ናቸው። ጊብሰን ይህን እንጨት ይዞ በ1958 ብቅ ሲል ሊያስወግድ የፈለገው ትልቁ ጣጣ ፊድባክ ነበር።

ፊድባክን ያልቀመሰ ሰው ይህን ጊታር ባይገዛ ይሻለዋል፤ ወይም ቀምሶ ይግዛ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምፑ (ከድምጽ ማጉያው) የሚወጣው ድምጽ የጊታሩን ስስ ፊት ይመታዋል። ፊቱ ሲርገበገብ ክሮቹን ይነቀንቃቸዋል። ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ያንን መልሶ ለአምፑ ይልካል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ እንኳ በኤፍ ቀዳዳዎቹ ጨርቅ ይወትፍ ነበር ይባላል። በኋላ ጊብሰን በስሙ የሠራለት ጊታር ጭራሽ ቀዳዳ የለውም።

ሱቅ ውስጥ ሦስቱንም በአንድ አምፕ ሞከርኳቸው። ድምጹን ከፍ ሳደርግ ቀድሞ የጮኸው ካዚኖ ነው፣ ግሬቹ ተከተለ። 335 ጆሮዬ እስኪታመም ድረስ ዝም አለ። ስለዚህ ከድራም ጋር፣ ሠርግ ላይ ወይም ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ 335 ግዙ። ድምጹም ረጅም ነው፤ አንዴ የመታችሁት ኖታ ቶሎ አይሞትም። አንገቱ ከአካሉ የሚጋጠመው 19ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ስለሆነ ላይ ላይ ለሶሎ እጅ በደንብ ይገባል። ካዚኖ ላይ መጋጠሚያው 16ኛው ላይ ነው፤ እዚያ ጣት ይታገላል።

ካዚኖን ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። ከ1961 ጀምሮ ያለ ጊታር ነው። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1964 ገዛ፣ የባንዱ ጓደኞቹ ሌነንና ሃሪሰን በ1966 ተከተሉት። ፒክአፑ ፒ-90 ነው፤ ሻካራ፣ ቅርብ፣ እንደ ሰው ድምጽ ያለ። ኖታው ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይከስማል። ትዝታን በሱ ስጫወት ክራር ትዝ አለኝ። ያቺ «ዱም» ብላ ወዲያው የምትጠፋዋ ነገር አለችው። ክብደቱም ቀላል ነው፤ ወደ 3 ኪሎ ገደማ። ቤት ውስጥ ለሚጫወት፣ ለዘፈን አጃቢ፣ ለቀረጻ ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው። ጣጣው ግን አይጠፋም፤ ፒ-90 ከመብራትና ከቻርጀር አጠገብ «እእእእ» ይላል። ዞር ብላችሁ ተቀመጡ፣ ይቀንሳል።

ወደ ግሬቹ ልመለስ። ፒክአፑ ፊልተርትሮን ነው። ሬይ ባትስ የሚባል ቴክኒሺያን ለጊታሪስቱ ለቼት አትኪንስ ብሎ የፈጠረው ነው። እንደ ካዚኖው «እእእ» አይልም፤ ድምጹ ግን ጥርት ያለና አንጸባራቂ ነው። ኮርድ (ብዙ ኖታ ባንዴ) ስትመቱ ስድስቱም ክር ለየብቻው ይሰማል። ቢግዝቢውን በስሱ ስትነኩት ኮርዱ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ድምጽ ነው ገንዘቤን የሰጠሁት።

ቢግዝቢ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ክር መቀየር ማለት የክሩን ቀለበት ትንሽዬ ሹል ብረት ላይ ሰክቶ ሳያመልጥ ማጥበቅ ነው። የመጀመሪያውን ክር ስቀይር 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሁለቴ ዓይኔን ሊመታኝ ነበር። መላው የክሩን ጫፍ አስቀድሞ ማጉበጥ ነው። ከቅኝት የመውጣቱም ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቢግዝቢው ሳይሆን ክሩ በጊታሩ ራስ አጠገብ ባለችው ስንጥቅ ውስጥ ስለሚይዝ ነው። እዚያ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ብትቀቡበት ይንሸራተታል። በየዘፈኑ መሀል መቃኘት የሚያናድዳችሁ ከሆናችሁ ግን ቢግዝቢ የሌለውን ውሰዱ።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ አምፕ ላይ ሰክታችሁ ሁሉንም ቁልፍ አዙሩ። የሚንኳኳ ወይም ድምጽ የሚቆርጥ ካለ ዋጋ ላይ ተደራደሩ። ብዙ ሌሎች ኤሌክትሪክ ጊታሮች ያላቸው ከጀርባ የሚከፈት ክዳን እነዚህ የላቸውም። ሠራተኛው ሽቦውን በኤፍ ቀዳዳው በኩል እያጠመደ ነው የሚያወጣው፣ ሂሳቡም እንደዚያው ይሆናል። ቆየት ያሉ ሆሎው ቦዲዎች ላይ ደግሞ ብሪጁ (ክሮቹ የሚደገፉበት) ፊቱ ላይ ያረፈ እንጂ የተተከለ አይደለም። ክር አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ስድስቱን ባንዴ ከፈታችሁ ብሪጁ ጉዞ ይጀምራል።

እንደኔ አሜሪካ ሆናችሁ ጊታር ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ አምፑን ተዉት። የእዚህ አምፕ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ አገር መብራት 220። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት የምትሰሙት ጃዝ አይሆንም።

እኔ ራሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ነው የምጫወተው፤ ድራመሩ ደግሞ እጁን አያውቅም፣ ይደበድባል። በሂሳብ ከሆነ መግዛት የነበረብኝ 335 ነበር። ሆኖም 335ን ሶፋ ላይ አላስተኛውም ነበር።