በሰበታ መግቢያ የሚሸጠው የወፍ እህል
ሰበታ መግቢያ ላይ ያለው የመኖ ሱቅ በኪሎ የሚሸጠው የወፍ እህል ዳጉሳ፣ ኑግና የተከካ በቆሎ የተቀላቀለበት ነው። በቤት ለምትረባው ትንሽ ወፍ ለዜብራ ፊንች ግን ቅይጡ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ይህች ወፍ በተፈጥሮዋ የአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳዎች ነዋሪ ስትሆን ዋና ምግቧ የሣር ዘር በመሆኑ፣ ዳጉሳውን በአጭርና ወፍራም ምንቃሯ እየፈለፈለች ቅርፊቱን ስትጥል፣ በቆሎውን ሳትነካ ትተወዋለች። ኑጉም ቅባት ስለሚበዛበት በመጠኑ ቢቀርብ ይመረጣል። በንጽሕናው ግን እህሉን የሚያስነቅፍ ነገር የለም፤ በሚገባ የተነፋና ከነቀዝ የጸዳ ሲሆን፣ ከከረጢቱ ግርጌ እንኳ አቧራ አይገኝም። ባለሱቁ ከተጠየቁ ዳጉሳውን ለብቻው ይመዝናሉ፤ እኔም የምገዛው ይህንኑ ነው።