ኮሪያኛ ለመጻፍ የትኛው ቁልፍ ሰሌዳ ይሻላል? ዱቦልሺክ፣ ቾንጂኢን ወይስ ናራትጉል

ስልካችሁ ላይ ኮሪያኛ ስትጨምሩ የቁልፍ ሰሌዳ ምርጫ ይመጣል። አብዛኛው ጀማሪ የመጀመሪያውን ነክቶ ያልፋል። እጅ አንዴ ከለመደ በኋላ ግን መቀየር አታካች ነው። ስለዚህ ስልክ ወይም ኪቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ልዩነቱን ብታውቁት ይሻላል።

ዱቦልሺክ በኮሪያ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ የምታገኙት ነው። ተነባቢዎች በግራ እጅ፣ አናባቢዎች በቀኝ እጅ ናቸው። 14 ተነባቢና 12 አናባቢ ተደምረው 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፎች ልክ ይሞላሉ። አምስቱ ድርብ ተነባቢዎችና ሁለት አናባቢዎች ብቻ በሺፍት ይመጣሉ። አማርኛን በእንግሊዝኛ ቁልፎች፣ ተነባቢውን አስቀድሞ አናባቢውን አስከትሎ የሚጽፍ ሰው በቶሎ ይለምደዋል። አንድ ፊደል አንድ ንክኪ ስለሆነ በቁጥር የሚበልጠው የለም። ችግሩ ስልክ ላይ ነው። ቁልፎቹ ጠባብ ናቸው፤ አውራ ጣት አጠገቡ ያለውን ይነካል። በአንድ እጅ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ይብሳል።

ቾንጂኢን ከሳምሰንግ የመጣ ባለ 12 ቁልፍ ሰሌዳ ነው። ሐሳቡ በጣም ያምራል። አናባቢዎቹ በሙሉ የሚሠሩት ከሦስት ምልክቶች ነው፦ ሰማይን ከሚወክል ነጥብ፣ ምድርን ከሚወክል አግድም መስመርና ሰውን ከሚወክል ቁም መስመር። የኮሪያው ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ይፋ ያደረጉት ፊደልም አናባቢዎቹን ያወጣው ከእነዚሁ ነው። ሦስቱን ቁልፍ ካወቃችሁ አናባቢውን ሁሉ አወቃችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው በዕድሜ የገፉ ኮሪያውያን ሳይቀሩ የሚወዱት። ቁልፎቹም ሰፋፊ ናቸው።

ተነባቢዎቹ ላይ ግን ችግር አለ። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ቁልፍ ይጋራሉ፤ «ን» እና «ል» ለምሳሌ አንድ ላይ ናቸው። አሁን ማንም ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረውን ሰላምታ፣ «አንዮንግ»ን፣ እንጻፍ። በኮሪያኛ የመጀመሪያው ክፍል በ«ን» ያልቃል፣ ሁለተኛውም በ«ን» ይጀምራል። ቁልፉን ሁለቴ ብትነኩት ስልኩ «ል» ይሰጣችኋል። ስለዚህ በመሃል ትንሽ መጠበቅ ወይም የቀስት ቁልፉን መንካት አለባችሁ። ይህ መቆራረጥ ነው ፍጥነትን የሚገድለው። የንክኪ ብዛት ብቻ እያዩ የሚያወዳድሩ ሰዎች ይህን አይቆጥሩትም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለእሱ ነው።

ናራትጉል የኤልጂ ስልኮች የታወቁበት ባለ 12 ቁልፍ ሰሌዳ ነው። ኤልጂ በ2021 ስልክ መሥራት ቢያቆምም ሰሌዳው አልጠፋም። መሠረታዊ ተነባቢዎች ብቻ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ከድርቦቹ በቀር ሌሎቹ «ጭረት ጨምር» በሚል ቁልፍ ይወጣሉ። «ግ» ላይ ጭረት ሲጨመር «ክ» ይሆናል፣ «ን» ላይ ሲጨመር «ድ»፣ እንደገና ሲጨመር ጠንካራው «ት»። የኮሪያ ፊደል፣ ሃንጉል፣ ራሱ የተቀረጸው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ፊደሉን ገና እያጠና ላለ ሰው ቁልፉ ያስተምረዋል። «ን» ቁልፉን ከማንም ጋር ስለማይጋራ «አንዮንግ» ላይ መጠበቅ የለም። ስንቆጥረው ናራትጉል 8 ንክኪ ይፈልጋል፤ ቾንጂኢን 9፣ መጠበቂያው ሳይቆጠር። ዱቦልሺክ 6 ብቻ። ናራትጉል የሚያደክመው ብዙ ጭረት ያላቸው ፊደሎች ላይ ነው፤ «ች» ብቻውን ሦስት ንክኪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናትም ግራ ያጋባሉ። ከዚያ በኋላ ግን ስክሪኑን ሳያዩ መጻፍ ይቻላል።

ስካይ ወይም ቬጋ የሚባለው ሦስተኛው ባለ 12 ቁልፍ ሰሌዳ አናባቢዎቹን በብዛት በቀኝ በኩል ደርድሮ ሥራውን ያፈጥናል፣ ግን እንደ ቾንጂኢን ሁሉ ተነባቢዎቹ ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኮሪያ መንግሥት ለስማርት ስልክ ሦስቱንም ደረጃ አድርጎ ተቀብሏቸዋል።

ዱቦልሺክን ለምዶ ጠባብ ቁልፍ ላስመረረው ሰው ዳንሞኡም የሚባል አማራጭ አለ። አቀማመጡ ያው ነው፣ ግን «ያ»ን ለማግኘት «አ»ን ሁለቴ ይነካል። ቁልፉ ስለሚቀንስ እያንዳንዱ ይሰፋል። በሁለት አውራ ጣት ለሚጽፍ ሰው ስልክ ላይ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው።

ስለዚህ ምን ይገዛ? ለኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የምትዘጋጁ ወይም የኮሪያኛ ችሎታ ፈተናውን፣ ቶፒክን፣ በኮምፒውተር ለመፈተን ያሰባችሁ፣ ያለ ማመንታት ዱቦልሺክን ልመዱ። ዩኒቨርሲቲም ቢሮም የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። ለዚህ ግን አዲስ ኪቦርድ መግዛት አያስፈልግም። አቀማመጡ የሚለወጠው በኮምፒውተሩ ሴቲንግ ስለሆነ የኮሪያ ፊደል ያለበት ስቲከር ባላችሁ ኪቦርድ ላይ ብትለጥፉ በቂ ነው። ስቲከሩ ግልጽ ዓይነት ይሁን፣ የእንግሊዝኛው ፊደል እንዳይሸፈን።

ስልክ የምትገዙ ከሆነ የሳምሰንግ የራሱ ኪቦርድ ከላይ ያሉትን ሁሉ ይዟል፤ እየቀያየሩ ለመሞከር ይመቻል። አይፎን ላይ መደበኛው ዱቦልሺክና «10 ቁልፍ» የሚባለው ቾንጂኢን አሉ። ናራትጉል የግድ ካስፈለጋችሁ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሴቲንጉን ከፍታችሁ እዩ።

ሴቦልሺክ የሚባልም አለ። ዶክተር ጎንግ ቢዮንግ-ኡ የተባሉ የዓይን ሐኪም ለታይፕራይተር ከሠሩት የመነጨ ነው። የክፍለ ቃሉ መነሻ ተነባቢ፣ አናባቢና መድረሻ ተነባቢ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው እጅ አያደክምም። ዊንዶውስም ማክም ላይ በነፃ ስላለ ልዩ ኪቦርድ ፍለጋ ገንዘብ አታውጡ።