የሞዛምቢክ ጋዝ፦ ባሕር ላይ ወይስ የብስ ላይ?

ጋዝ በመርከብ እንዲሸጥ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ መሆን አለበት። መጠኑ ያኔ 600 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ሞዛምቢክ ውስጥ ይህን የሚሠራ ፋብሪካ በሁለት መንገድ ተሞክሯል።

በፈረንሳዩ ኩባንያ ቶታል ኢነርጂስ የሚመራው ፕሮጀክት በሰሜን ሞዛምቢክ አፉንጊ በተባለ ቦታ፣ የብስ ላይ ነው። 20 ቢሊዮን ዶላር ለ13 ሚሊዮን ቶን ዓመታዊ ምርት። የጣሊያኑ ኩባንያ ኤኒ ግን ተንሳፋፊ ፋብሪካ መረጠ፤ 7 ቢሊዮን ገደማ ለ3.4 ሚሊዮን ቶን። ሲካፈል የአፉንጊው በቶን 1,540 ዶላር አካባቢ፣ የኤኒው ከ2,000 በላይ ይመጣል።

በወረቀት የብሱ ረከሰ። ነገር ግን በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች አጠገቡ ያለችውን የፓልማ ከተማ አጠቁ። ሥራው ከአራት ዓመት በላይ ቆመ። ገንዘብ ወጥቶ ገቢ የለም፤ የዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ትልቁ ሕመም ይኸው ነው። የኤኒ ተንሳፋፊ ፋብሪካ ኮራል ሱል ግን ደቡብ ኮሪያ ተሠርታ፣ 432 ሜትር ርዝመቷን ይዛ እየተጎተተች መጣች። በኅዳር 2022 የመጀመሪያውን ጭነት ሸጠች።

እኔ ጦርነት ባለበት ቦታ ተንሳፋፊውን እመርጣለሁ። ቅር የሚለኝ ግን የብየዳውና የግንባታው ደሞዝ የተከፈለው ኮሪያ መሆኑ ነው። የፓልማ ወጣት ከዚያ ምንም አልደረሰውም።