የእንጦጦን ጅብ እንዴት እንቁጠረው? በድምፅ ወይስ በካሜራ?

ከእንጦጦ ግርጌ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ሰፈሩ «ዛሬማ መንጋው ወርዷል» ይላል። አንዱ ጅብ ግን ደጋግሞ ይጮኻል፤ በጆሮ የተቆጠረ አይታመንም።

ባለሙያዎች ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው መጥራት ነው። በድምፅ ማጉያ የጅቦች ጠብ ወይም የተያዘ እንስሳ ጩኸት ይለቀቃል፤ የመጡት ይቆጠራሉ። ወጪው ትንሽ ነው፣ በጥቂት ሌሊት ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ግን የጠገበ ጅብ ላይመጣ ይችላል። ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት በዐቢይ ጾም የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ ጅቦች አህያ ወደ ማደን እንደሚዞሩ አሳይቷል። እንግዲህ በጾምና በፋሲካ ማግስት አንድ ዓይነት መልስ መጠበቅ የዋህነት ነው። ደጋግመው ከጠሩት ደግሞ ይነቃል። (ጅብ ሞኝ ነው ያለው ማነው?)

ሁለተኛው ካሜራ ነው። ዛፍ ላይ ታስሮ የሚያልፈውን በራሱ ያነሳል። የጅብ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ነው። የግራና የቀኝ ጎኑ እንኳ ስለሚለያይ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ቢገጠም ይመረጣል። ከዚያ ሒሳብ ነው። በመጀመሪያው ዙር 20 ጅብ ተለየ እንበል። በሁለተኛው 30 ታየ፣ 10ሩ የቀድሞዎቹ ናቸው። ከ30ው ሲሶው የቀድሞ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ 20ም የጠቅላላው ሲሶ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ 20 በ30 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል ጠቅላላው 60 ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን በሁለቱ ዙር መካከል ብዙ ጅብ ካልሞተ፣ ካልተሰደደ ነው።

ለከተማ ዳር እኔ ካሜራውን እመርጣለሁ። በሰው ደጅ ሌሊት የጅብ ጩኸት መልቀቅ ከጎረቤት ያጣላል፤ ጅቡንም ወደ በግ በረት መጋበዝ ነው። ካሜራም ጣጣ አያጣውም። ይሰረቃል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችንም ሳይጠይቅ ያነሳል፤ ስለዚህ ከመግጠም በፊት ከሰፈሩ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የግድ ነው።