ሲቆርጥ የሚያስመሰግን፣ ሲቆም ጥንቃቄ የሚሻ ቅርንጫፍ መክተፊያ ማሽን

ቅርንጫፍ መክተፊያ ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ማሽኑ ምን ያህል ወፍራም እንጨት እንደሚቆርጥ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ አጥብቆ ሊመረመር የሚገባው ማሽኑ እንዴት እንደሚቆምና ለጥገና እንዴት እንደሚከፈት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሰው እጅና ስለቱ ይበልጥ የሚቀራረቡት በእነዚህ ጊዜያት ነውና። ስሠራበት የቆየሁትን ባለ 7 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ማሽን የምገመግመውም በዚሁ መመዘኛ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት አንድ ከባድ የብረት ዲስክ ያሽከረክራል፤ በዲስኩ ላይ በቡሎን የታሰሩት ሁለት ስለቶችም እንጨት ከሚገባበት አፍ ሥር ከተተከለው ቋሚ ስለት ጋር እየተላለፉ እንጨቱን ይከትፋሉ። እንጨት የሚስብ ሮለር የለውም፤ ስለቶቹ በተጋደሙበት ማዕዘን የተነሳ ራሳቸው ይስቡታል። አምራቹ እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይቆርጣል ይላል። ለእርጥብና ለስላሳ እንጨት አባባሉ እውነት ነው፤ ደረቅና ጠንካራ እንጨት ሲሆን ግን ከ5 ሳንቲ ሜትር ያለፈውን ሲጎርስ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ስለሚወርድ፣ ዲስኩ ፍጥነቱን መልሶ እስኪያገኝ ሌላ ቅርንጫፍ ሳይጨምሩ መታገስ ያስፈልጋል። የሚተፋው ቁርጥራጭ ግን ጠርዙ የጠራና መጠኑ የተቀራረበ ስለሆነ ለተክል ሥር ጉዝጓዝ እጅግ ተስማሚ ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከማጥፊያው ነው። ሮለር ባላቸው ትላልቅ ማሽኖች አፍ ላይ፣ ሲገፉት ሮለሩን የሚያቆም ወይም ወደ ኋላ የሚያዞር ዘንግ ይገኛል። በዚህ ማሽን ላይ ያለው ማቆሚያ የሞተሩ ማጥፊያ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የተገጠመው እንጨት የሚያጎርሰው ሰው ከቆመበት በተቃራኒው ወገን ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ጠፋ ማለት ዲስኩ ቆመ ማለት አይደለም፤ ክብደቱ ይዞት ከአንድ ደቂቃ በላይ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ጩኸቱ ስለሚቋረጥ፣ በተለይ የጆሮ መከላከያ ላደረገ ሰው፣ ሁሉም ነገር ያበቃ ይመስላል። ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ በማሽኑ አፍ ላይ በጉልህ መጻፍ ሲገባው፣ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ በደቃቅ ፊደል መቀመጡ አምራቹን ያስወቅሰዋል።

ስለዚህ ጥንቃቄው በአብዛኛው የሚወድቀው በሠራተኛው ላይ ነው። ቅርንጫፉ በወፍራም ጫፉ በኩል ይገባል፤ ሠራተኛው ከአፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቆማል፤ ስለቱ እንጨቱን እንደያዘውም እጁን ይለቃል። አጫጭር ስብርባሪዎችን ማስገባት የሚገባው ረጅም ቅርንጫፍ እንጂ እጅ አይደለም፤ አብሮ የመጣው የእንጨት መግፊያም ለዚህ በቂ ርዝመት አለው። የተንዘላዘለ እጅጌ፣ ሻርፕና አፈ ሰፊ ጓንት ከቀንበጥ ጋር ተጠላልፈው ሰውን ሊጎትቱ ስለሚችሉ አይለበሱም። እኔ ከሁሉ የምፈራው ሐረግን ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲሳብ ሌላው እግር ወይም ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ሊገኝ ይችላል። የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ መሥራት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ማሽኑ ስብርባሪውን በአፉ በኩል ወደ ኋላ የሚወረውርበት ጊዜ አለና።

ጥገናውን በተመለከተ ማሽኑ ምስጋና ይገባዋል። የዲስኩ ክዳን በሦስት ቡሎኖች ብቻ የታሰረ ከመሆኑም በላይ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሞለታል። ይህ ግን ለብቻው ዋስትና ስለማይሆን፣ ክዳኑን ከመንካት በፊት ዲስኩ ፈጽሞ መቆሙን ማረጋገጥና ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ ማራቅ ግድ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ቀጣዩን ነው፤ የአንዱን ስለት ቡሎን ለመፍታት ጉልበት ሲደረግ ዲስኩ ይዞርና ሌላኛው ስለት ወደ እጅ ይመጣል። አንድ ቁራጭ እንጨት በዲስኩና ዲስኩን በከበበው የብረት ሽፋን መካከል ሸጉጦ ማገድ ይህን ያስቀራል።

ስለቱ መደነዙን ለማወቅ ክዳኑን መክፈት አያስፈልግም፤ የሚወጣውን ማየት ይበቃል። የጠራው ቁርጥራጭ ቀርቶ ሰጋቱራና እንደ ቃጫ የተንዘረዘረ ልጥ መውጣት ሲጀምር፣ እንጨቱም ካልተገፋ አልገባ ሲል፣ የመሳያው ጊዜ ደርሷል። ሁለቱ ስለቶች እኩል ካልተሳሉ ዲስኩ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ዲስኩ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይጎዳል። ስለቶቹ ተስለው ሲመለሱ ከቋሚው ስለት ጋር የሚኖራቸው ክፍተት መመሪያው እንደሚለው 1.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በመለኪያ ማረጋገጥ፣ ጥርሱ የተበላ ቡሎንም መጣል ይገባል። አፈርና ድንጋይ የያዘ ሥር እንዲሁም ሚስማር ያለበት ጣውላ አዲስ የተሳለ ስለትን በቅጽበት ያበላሻሉ።

የቀረው የተለመደ ነው፦ የሞተር ዘይት ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ50 ሰዓቱ ይቀየራል፤ የአየር ፊልትሮው ከአቧራ ይጸዳል፤ ኩሽኔታው ግሪስ ይቀባል፤ ቤንዚን የሚሞላውም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የመውጫው ጉሮሮ ጠባብ በመሆኑ እርጥብ ቅጠል ሲበዛበት ይታፈናል፤ ቅጠሉን ከደረቅ ቅርንጫፍ ጋር እያፈራረቁ ማስገባት ችግሩን ያቃልለዋል።

ማሽኑን አልፎ አልፎ የሚከረከም ግቢ ላለውና በትዕግሥት ለሚሠራ ሰው እመክረዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ለሚቆርጥ ባለሙያ ግን ሮለርና የማቆሚያ ዘንግ ያለውን ትልቁን ቢመርጥ ይሻለዋል። የሚገዛው ሰው አንድ ጥንድ ትርፍ ስለት አብሮ ይግዛ፤ ሻጩ ስለትና ቺንጋ ማቅረብ ካልቻለ ማሽኑን እዚያው መተው ነው።